ክፍልፋይ

ማታ ማታ በምላጭ እሰነጥቃታለሁ፤
ነጭ፣ ክብ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣
በአሮጌ የፈተና ወረቀት ላይ።
ግማሿ ለዛሬ፣ ግማሿ ለነገ።
ዱቄት የሆነውን በጣቴ ጫፍ ለቅሜ እልሳለሁ፤
አምስተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ሰው
ከብናኙም ጋር ቢሆን ይተሳሰባል።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም።
በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሐይቁን ሲያጠቁረው፣
«ድኛለሁ» አልኩና በአንድ ቀን ተውኩት፤
ብልቃጡን ከመሳቢያው ጥግ
ከጠመኔ ስብርባሪ ስር ቀበርኩት።
ሦስት ቀን ደህና ነበርኩ። እንዲያውም አንጎራጎርኩ።
በአራተኛው
ራሴ ውስጥ መብራት ኃይል ገባ።

ዓይኔን ወደ ግራ ሳዞር፣ ንዝር፣
ወደ ሰሌዳው ስመለስ፣ ንዝር፣
ሄዶ የሚመጣ፣ መጥቶ የሚሄድ፣
ቆጣሪ የማይቆጥረው።
ወለሉ ታንኳ ሆነ፣ እኔ ቀዛፊ ያጣሁ።
የጫማ ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ፤
የባጃጁን ልጅ ስለ አምስት ብር መልስ ሰደብኩት፤
ሌሊት ደግሞ የሞቱት ሁሉ መጡ፣
አጎቴ የተሰበረ ጥላውን ሊያስጠግን፣
የልጅነት ውሻዬ በስሜ እየጠራችኝ፣
አንሶላው በላቤ እስኪጨመቅ።

«በሽታው ተመለሰብኝ» አልኳት።
ዶክተር ጸዳለ ሳቀች፣ በክፉ አይደለም፤
«ሰውነትሽ ነው፣ የለመደውን ድንገት አጥቶ የሚጮኸው።
ሰው ከቤት ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፤
አንቺ በርግደሽው ወጣሽ፣ ነፋስ ገባ።»
ወደ ሙሉዋ ክኒን መለሰችኝ።
አፈርኩ፣
ክፍል የደገመ ተማሪ እንደሚያፍረው።
ከዚያ በየወሩ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፤
ሲያንገራግጭሽ ባለሽበት እርጊ፣ ብላ።

አሁን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይጠና፣ አሞራ ገደል እወርዳለሁ።
ቡሪሶ መረቡን እየፈታ ያየኛል፣
ምንም አይጠይቅም፣
የምቀመጥበትን ሳጥን በእግሩ ገፋ ያደርግልኛል።
አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ
የዓሣ አንጀት እስኪጣል ይጠብቃል።
እኔም እጠብቃለሁ፣ ከጭንቅላቴ ማዕበሉ እስኪያልፍ።
የሳጥኑን ጠርዝ እይዛለሁ፣
ከውሃው ላይ አንድ ነገር እመርጣለሁ፣
የዚያችን ታንኳ አፍንጫ ለምሳሌ፣
ዓይኔን ሳልነቅል እስከ ሃያ እቆጥራለሁ።
አንዳንዴ ሃያ አይበቃም።
አንዳንዴ አራት መቶ አስራ ሁለት።

አንድ ቀን ቡሪሶ፣ ለእኔ ይሁን ለመረቡ እንጃ፣
«እየቸኮለ የፈታ፣ እየሰፋ ያመሻል» አለ።

ለጎረቤት ቫይታሚን ነው ብያለሁ።
እውነቱን የምታውቀው እልፊነሽ ናት፣ የአካባቢ ሳይንሷ።
ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ ካየች
ደወል ሳትጠብቅ ትገባለች፣
«መምህርት ስልክ አለባት» ብላ ልጆቼን ትረከበኛለች።
ስልክ የለብኝም። ከዋርካው ስር ቆሜ
ሎሚ እያሸተትኩ እተነፍሳለሁ።

ትናንት ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር።
ሰሌዳው ላይ ዳቦ ሳልኩ፣
ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት።
ዱካሞ ከኋላ እጁን አወጣ፣
«ቲቸር፣ ግማሹን መልሰን ግማሽ፣ እሱንም ግማሽ
እያደረግን ብንሄድ፣ ዳቦው መቼ ነው የሚያልቀው?»
ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ሰሌዳውን ያዝኩ።
በሒሳብ አያልቅም። ሁልጊዜ ለነገ ግማሽ ይተርፋል።
ይህን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል? ለራስስ?
«አያልቅም» አልኩት፣ «ግን አንድ ቀን
ቢላው የሚይዘው ያጣል።»
ጻፈው። ዱካሞ ያሉትን ሁሉ ይጽፋል፣
ማስነጠሴን ሳይቀር።

ማታ ምላጩን አነሳሁ።
የዚህ ወር ቁራሽ ከጠመኔ ፍርፋሪ አትለይም።
ከታቦር ወዲያ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ድርግም፣
መብረቁ ይሁን እኔ ልሁን አላወቅኩም።
ግድግዳ ተደግፌ መቁጠር ጀመርኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሰባት ላይ ከውጭ ድምፅ መጣ፦
«እናንተም ጋ ጠፋ እንዴ? ሻማ አላችሁ?»

ለካ ይሄኛው የሰፈሩ ሁሉ ነው።

«አለ» አልኩ፣ «መጣሁ።»
ቁራሿን በዳበሳ ፈልጌ ዋጥኳት፣
ከዚያ ሻማውን።
እሱንም ለሁለት ቆረጥኩት።